ዘጠኝ መንገድ

«ሕጉ አንድ ነው» አለ ዐብዱራሕማን፣ ወረቀቱን ስፌቶቹ መሀል እየዘረጋ። «ከአንቺ በር ትነሻለሽ። ዘጠኙንም መንገድ ትሄጂባቸዋለሽ። አንድም እንዳይቀር፣ አንድም እንዳይደገም።»

አፍራ ወስፌዋን የጀመረችው ስፌት ላይ ሰካችና ቀና አለች። ወረቀቱን ገና ሳታየው ፈገግ ብላለች።

«ለካ ቅዳሜ ነው» አለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ጀጎል ውስጥ ከቤቷ ጋር ወደተያያዘችው የስፌት ሱቅ ብቅ ይላል። በሩ እንደተከፈተ ደጃፉ ላይ ካለችው ዱካ ይቀመጥና እንቆቅልሹን ያወጣል። ከሦስት ማብሪያና ማጥፊያ ሌላ ክፍል ያለውን አምፖል የሚያበራውን፣ አንዴ ብቻ ገብተሽ ለዪ ሲላት «አምፖሉን ዳስሶ ሙቀቱን ማየት ነዋ» ብላ ወዲያው ገላገለችው። ከአሥራ ሁለት ሳንቲም ሐሰተኛውን ሦስት ጊዜ ብቻ መዝነሽ ለዪ ሲላት ግን ሳምንት ፈጀባት፤ መልሱንም በቀይና በጥቁር አክርማ ሰፍታ አመጣችለት። ያንን ስፌት እስከ ዛሬ አልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። ለምን እንደሰቀለው ለማንም አልተናገረም።

ዛሬ ግን ለጨዋታ አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ፀጉር ቤት ተቀምጦ የሰማው ወሬ እንቅልፍ ነስቶታል። አንድ የድሬዳዋ ጨርቅ ነጋዴ አፍራን ፈልጎ ወንድሟ ነስሮ ዘንድ ሰው ልኳል፤ ነስሮም እሷን ጠይቆ ለመጪው ጁምዓ መልስ ሊሰጥ ቀጥሯል። አፍራ ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እሱም ሚስቱን ካጣ አራት። አርባ ዓመት ሙሉ ስልሳ ስልሳ ተማሪ ፊት ያልተሳሰረ ምላስ፣ ለአንዲት ሴት «አግቢኝ» ማለት አቅቶት ቁጭ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እምቢ ካለችው ደግሞ ቅዳሜም አብራ ትቀራለች። ስለዚህ ፈሪ የሒሳብ መምህር የሚያደርገውን አደረገ፤ ሒሳቡ ይናገርልኝ አለ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የገዛ ሰፈራቸው ነው፤ ስድስት መገናኛ፣ ዘጠኝ መንገድ። ከአፍራ በር ሦስት መንገድ ይወጣል፣ ከእሱም በር ሦስት፤ ከሌሎቹ መገናኛዎች ግን ወይ ሁለት ወይ አራት። እንዲህ ከሆነ ከእሷ በር የተነሳ ሰው፣ የሄደበትን እስካልደገመ ድረስ፣ በየትም ዞሮ መጨረሻው እሱ በር ነው። መንገዶቹን የቀየሱት የጥንት ሰዎች ናቸው፤ እሱ የቆጠረው ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ትናንት ማለዳ ሁለት ጊዜ ዞሮባቸው «መምህር፣ ምን ጠፋብዎት?» ተብሏል።

አፍራ ወስፌዋን ነቀለችና በእጀታዋ መንገዱን ትከተል ጀመር። በመስጊዱ በኩል ወረደች፣ በወፍጮ ቤቱ ዞረች። ድንገት ቆመች።

«ያቺን ጠባቧን አልሳሏትም።»

ልቡ ስንጥቅ አለ። አንዲት መንገድ ከተጨመረች ሒሳቡ እንዳለ ይፈርሳል።

«እሷስ ትቅር» አለች ራሷ። «ግንቡ ከተናደ ወዲህ ማን ያልፍባታል!»

ዐብዱራሕማን አልሐምዱሊላህ አለ፣ በልቡ።

«ሦስት ቀሩኝ፤ መውጫም የለኝ» አለች ጥቂት ቆይታ።

«የት ደረስሽ?»

«እርስዎ በር።»

«ደግሞ ሞክሪ።»

በሁለተኛው ዘጠኙም ሞላላት። ደስ ብሏት ቀና አለች። «የት አለቀ?» አላት፣ ድምፁ እየሰለለ።

«እርስዎ በር» አለችና ወረቀቱን መልሳ አየችው። «ቆይ፣ አሁን በግራ ልነሳ።»

በግራ ተነሳች። እየቆጠረች ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ወስፌዋ እሱ በር ላይ ቆመች። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ልብስ ሰፊ መኪና ይንኳኳል። ዐብዱራሕማን ንጹሕ መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ገባ።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ሌላ መጨረሻ የለውም?» አለችው፣ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

«የለውም» አለ። «ወላሂ፣ የለውም።»

ጆሮው ጋለ። ተነስቶ መሄድ አማረው።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ተሳስተዋል።»

«የቱ ጋ?» አለ፤ አስተማሪነቱ ፍርሃቱን ቀደመው።

«ሒሳቡስ ልክ ነው።» ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችና ወስፌዋን እሱ በር ላይ አኖረች። ሳትቸኩል ሄደች፤ በወፍጮ ቤቱ፣ በመስጊዱ፣ በቀሩትም ሁሉ። ዘጠነኛው መንገድ የገዛ በሯ ላይ አደረሳት። «እንዲህም ይሞላል አይደል?»

«ይሞላል።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ከወንድ በር ተነስቶ ነው ወደ ሴት በር የሚሄደው። እርስዎ እኔን አስነሱኝ!» ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ነስሮ ከመግሪብ በኋላ ከቤት አይጠፋም። ከጁምዓ በፊት ከሆነ ለእሱም መልሱ ይቀለዋል፣ ኢንሻአላህ።»

ዐብዱራሕማን ምን ብሎ እንደወጣ አያውቅም። በመስጊዱ በኩል ወረደ፣ መታጠፊያውን አለፈው፣ በደስታ ሲሄድ ሲሄድ ዞሮ መጥቶ ከዚያችው ሱቅ ፊት ተገኘ። እንዳላየ ሊያልፍ ሞከረ።

አፍራ አንገቷን ከስፌቷ አላነሳችም።

«መምህር» አለችው፣ «ይሄን መንገድ እኮ ደገሙት።»