ሦስት ጊዜ የተጠረገ መስታወት

“ዜሮ ነው፣ ሙላው” አለ ፀጋዬ፣ አንገቱን በመኪናው መስኮት ብቅ አድርጎ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ የሺወርቅ ቀና ስትል ማሽኑ ዜሮ አልነበረም። ቀድሟቸው ቀድቶ የሄደው ሰው ሂሳብ ገና አልጠፋም፤ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ናይሮቢ ውስጥ ነዳጅ ቀጂ ማሽኑን በጣቱ አሳይቶ፣ ዜሮ መሆኑን ከባለመኪናው አፍ ሳይሰማ አይቀዳም። ቶማስ ግን ገና ጣቱን አላነሳም ነበር። ፀጋዬ ሳይጠየቅ ነው የመለሰው።

ቶማስ የዚህ የፓርክላንድስ ማደያ ነባር ቀጂ ነው፤ ቀይ ቱታው ከሩቅ ያስታውቃል። አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ ፀጋዬን አየ። ከዚያ ቱቦውን ቀስ ብሎ ሲያነሳው ቁጥሩ ዜሮ ገባ። “ንዲዮ ምዜ፣ ዜሮ” አለ። አዎ አባቴ ማለቱ ነው። ነገሩን እዚያው ቀበረው።

የሺወርቅ ግን ልቧ ድንግጥ አለ። ከቤት ሲወጡ ፀጋዬ የመንገዱን ጉብታ ፍጥነት ሳይቀንስ ዘልሎት፣ “ሐሳብ ይዞኝ ነው” ብሏት ነበር። ባለፈው እሑድ ደግሞ ቸርች በር ላይ ዘበኛውን ፓስተሩ መስሎት አቅፎ ሰላም ሲለው ሰው ሁሉ ስቋል፤ እሷም አብራ ስቃለች። አሁን ያ ሳቅ ጸጸታት።

የሚሄዱት ኢምባካሲ፣ ኤርፖርት ነው። አዲስ አበባ አግብታ የምትኖረው ልጃቸው ሐሴት የሦስት ወር ሕፃኗን ናትናኤልን ይዛ ትመጣለች። አያቶቹ በስልክ እንጂ በዓይናቸው ገና አላዩትም። ኋላ ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። ትናንት ግማሽ ቀን ታግሎ ያሰረው ራሱ ፀጋዬ ነው።

ቶማስ ውሃና መጥረጊያ ይዞ መጣና የፊት መስታወቱን አጥቦ ጠረገው። ፀጋዬ ዓይኑን አጥብቦ ሲያይ ቆየና በስዋሂሊ፣ እዚህ ጋ ጉም ነገር አለ፣ ድገመው አለው። ቶማስ ደገመው። ፀጋዬ አሁንም አልለቀቀም አለ፤ ለሚስቱም በአማርኛ፣ የእነዚህ ሰዎች ሳሙና ቅባት ነው እንዴ ብሎ አማቸው። ቶማስ ከኪሱ ደረቅ ጨርቅ አውጥቶ እንደ አዲስ ወለወለው። ፊቱ ላይ ምሬት የሚባል ነገር የለም። የሺወርቅ በዚያው መስታወት ውስጥ ማዶ የቆመውን ማታቱ ሚኒባስ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን፣ የረዳቱን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ታያለች። ቶማስ ከመስታወቱ ወዲያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱም እንዳወቀ ያኔ ገባት።

ምን ብላ ትጀምር? ፀጋዬ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። እዚህ ከተማ እንግዳ ሆነው ሲገቡ ቤቱን ያቆመው በመሪ ነው። እሷንም መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከገበያ አልፋ እንድትነዳ አይወድም። ጠዋት ዛሬ እኔ ልንዳ ስትለው፣ “በአንቺ አነዳድ ናትናኤል ጥርስ አብቅሎ ነው የሚጠብቀን” ብሎ አሹፎባታል። ይህን ሰው ቁልፍ አምጣ ማለት አንጀቷ አላስቻላትም። ወደ ኋላ ዞር ብላ ባዶውን የሕፃን መቀመጫ አየች። ዝምታ ለበግም አልበጃት።

ፀጋዬ እንደገና ቶማስን ሊጠራ እጁን ሲያወጣ ክንዱን ያዘችው።

“ፀጋዬ” አለችው ቀስ ብላ፣ “መስታወቱ ንጹህ ነው።”

እጁ መስኮቱ ላይ ቀረ። “በደንብ ጠርጎታል?”

“ሦስቴ።”

ፀጋዬ እጁን መልሶ መሪውን ያዘ። ሲናገር ድምፁ አንሶ ነበር። “ብርሃን ሲበዛ ነው የሚብስብኝ። ያልፋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳትፈሪብኝ ብዬ ነው፣ የሺ።”

ልትቆጣው ነበር፤ ግን አሳዘናት። ከማሳዘኑም በላይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን መሸከሙ አንጀቷን በላው። “የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል” አለችው። “ሰኞ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ዛሬ ግን ሕፃን ይዘን ነው የምንመለሰው።”

ፀጋዬ ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረው፤ ጣቶቿንም ራሱ አጠፈላት። ወርዶ የመኪናውን አፍንጫ እየዳበሰ ሲዞር፣ ቶማስ በግራ ያለውን የተሳፋሪ በር ከፍቶ ጠበቀው፤ ለደንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ይመስል ነበር።

የሺወርቅ ሂሳቡን በስልኳ በኤምፔሳ ልካ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። ቶማስ ማንም ሳይጠራው ተመለሰና አሁን ፀጋዬ በተቀመጠበት በኩል መስታወቱን አንዴ ወልውሎ ወደ ዳር ወጣ።

“በይ እንግዲህ” አለ ፀጋዬ፣ “ቀስ ብለሽ ንጂ። ጥርስ ቢያበቅልም ይጠብቀናል።”

መኪናው ሲንቀሳቀስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ቶማስ ከቆመበት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ እንደ ቱታው የቀላ ሌላ የነዳጅ ማሽን አለ። ፀጋዬ እጁን ለማሽኑ አነሳና ከልቡ እያመሰገነ፣ “አሳንቴ ሳና፣ ቶማስ” አለ።

ቶማስ ፈጠን ፈጠን ብሎ ሄዶ ማሽኑ ፊት ቆመ፤ እዚያ ሆኖም እጁን አውለበለበለት።