አልነሳ ያለው ትራክተር

ያረጀው የሣር ማጨጃ ትራክተር አልነሳም ካለ ሰነበተ። የሆቴሉ አትክልተኛ ባትሪውን ቻርጅ አስደረገ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ቤንዚኑን ደፍቶ አዲስ ሞላ፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ግን ጭጭ ነው። «ይሄ ቆርቆሮ አልቆለታል» አለው ሊጠግን የመጣውን መካኒክ።

መካኒኩ ተቀመጠና አንዴ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሳ። አጥፍቶ ወረደ፤ አትክልተኛው በቦታው ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ፤ አሁንም ጭጭ።

«ጋሼ፣ ከወንበሩ ሥር ስዊች አለ። የሰው ክብደት ካልተጫነው ሞተሩ አይነሳም።»

«ታዲያ እሱ ተበላሽቷላ።»

መካኒኩ ዐይኑን ሰበር አደረገ። «ስዊቹስ ደህና ነው።»

አትክልተኛው ሰሞኑን ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳውን ቀዳዳ ዳበሰ። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት «ኧረ ምንም አልከሳህም» ትለዋለች። ከአበባው መደብ ጥግ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ታቅፎት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሳ።