ቀድሞ የሚመታ እጅ

ሻምሳ የኮኪ ደረት ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቶቿ የኮኪን ጎኖች እንደ ጉጠት ይዘዋል። ከሥራቸው የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ አለ። ከላይ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ይንጣጣል።

«ፖሌ ፖሌ» ትላለች ሮዝ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ቀስ በሉ ማለቷ ነው። የጁጂትሱ ትግል አሠልጣኟ ከናይሮቢ የመጣች ናት፤ ስትፈትን ድምፅዋን አታነሣም። «ኮኪ፣ የነገርኩሽን እንዳትረሺ።»

የነገረቻትን ኮኪ በቃሏ ይዛዋለች። አንገቷ የታነቀ ወይም ክንዷ የተጠመዘዘ ሴት ተሸነፍኩ ስትል ሸራውን ወይም የያዛትን ክንድ በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ የያዘቻት ወዲያው ትለቃታለች። ደንቡ ይኸው ነው። ኮኪ ግን ከሻምሳ ጋር በገጠመች ቁጥር ክንዱ ገና ሳይጠብቅባት ሸራውን ትመታለች። «ሳትታነቂ ከመታሽ ሰማያዊ ቀበቶ የለም» ብላታለች ሮዝ። ሰማያዊውን የምታገኝ ሴት በየሳምንቱ ከፖሊስ ኬላው ወዲያ ወዳለችው ቡቲዬ እየሄደች ልጃገረዶቹን ታስተምራለች። ኮኪ ይህን ሥራ ከምንም አብልጣ ትፈልገዋለች።

«ሻምሳን ሲያስነጥሳት እንኳ ኮኪ ሸራውን ትመታለች!» ትላለች ተራዋን የምትጠብቀው ጓደኛቸው ሙስሊማ። ሴቶቹ ይስቃሉ።

ኮኪ አትስቅም። ሻምሳ የኬንያ ፖሊስ ናት፤ እዚሁ በኬንያው ሞያሌ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ከነጋዴ እናቷ ጋር ድንበር ስትመላለስ የለመደች። ያለፈው ማክሰኞ ኮኪ የአሠሪዋን የባለሱቋን ዕቃ አድርሳ በሞተረኛው በጎልቻ ሞተር ከቡቲዬ ስትመለስ፣ ኬላው ላይ እጇን አንሥታ ያስቆመቻቸው እርሷ ነበረች። በደንብ ልብሷ ውስጥ የረዘመች መሰለች።

«ኪፓንዴ» አለቻት። መታወቂያ።

«ቤት ረስቼው ነው፣ እህቴ።»

ሻምሳ ብዙ ቆይታ አየቻት። «ቅዳሜ ይዘሽ ነይ» አለችና አሳለፈቻቸው።

ኮኪ ቤት የረሳችው ነገር የለም። ከድንበሩ ወዲያ ከኢትዮጵያ የመጣችው ያለ ምንም ወረቀት ነው። ከያዟት ይመልሷታል፤ ከመለሷት ያመለጠችበት ሰው ይጠብቃታል። ሁለተኛ ከቤት ከወጣሽ እግርሽን እሰብረዋለሁ ብሏት ነበር፤ ደግሞም ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሻምሳ ጎንበስ ትላለች። የጥቁር ሻሿ ጫፍ ጃኬቷ ውስጥ ተወትፏል። ክንዷን ከኮኪ አንገት ሥር እያሾለከች አፏን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች።

«ሀያ፣ በይ፣ አመጣሽው?»

የኮኪ ቀኝ እጅ ከሸራው ላይ ይነሣል።

«ኮኪ!» ትላለች ሮዝ።

እጇ አየር ላይ ይቀራል። ልቧ ሲደልቅ ለራሷ ይሰማታል፤ ላይዋ ላይ ለተኛችውም ሳይሰማት አይቀርም። ትንፋሿ አልመለስ ይላታል። አንገቷን ግን ገና ማንም አልጨመቀውም።

የተነሣው እጅ ወደ ሸራው አይመለስም። የሻምሳን ክንድ ይዞ ወደ ደረቷ ያጣብቀዋል። በእግሯ በዚያው ወገን ያለውን የሻምሳን እግር ትቆልፈዋለች፤ መመከቻ እንዳታገኝ። ከዚያ ዳሌዋን ሽቅብ ወደ ቆርቆሮው ትወረውርና በትከሻዋ ትገለበጣለች።

ክብደቱ ከላይዋ ይነሣል። አሁን ከላይ ያለችው እርሷ ናት። ይህ ይባስ ያስፈራታል።

ሻምሳ ቶሎ ለመነሣት ስትጣደፍ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን ትሳሳታለች፤ ዞራ ጀርባዋን ትሰጣለች። የኮኪ እግሮች ሳታዛቸው ወገቧ ላይ ይጠመጠማሉ። ክንዷ ከሻምሳ አገጭ ሥር ይገባል። ትስባለች።

ሻምሳ አትመታም።

የሻምሳ የደም ሥር ኮኪ ክንድ ላይ ይዘላል። ብትለቃት ሮዝ ታያለች፤ ቀበቶው ይቀራል። ባትለቃትና እቅፏ ውስጥ ብትዝልባትስ? ፖሊስ አንቃ የጣለች ወረቀት የሌላት ሴት። ይህን ለማን ታስረዳለች?

«ምቺ፣ እህቴ» ትላለች በሹክሹክታ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ምቺ።»

የሻምሳ ጣቶች የኮኪን ክንድ ይቧጥጣሉ። ጭንቅላቷ ከበድ ይላል።

ከዚያ መዳፏ የኮኪን ክንድ ይመታል። አንዴ፣ ሁለቴ። ኮኪ የጋለ ብረት እንደነካው ሰው ትለቃለች።

ሻምሳ በጉልበቷ ተንበርክካ ትስላለች። ሮዝ ሰማያዊውን ቀበቶ አምጥታ በራሷ እጅ ኮኪ ወገብ ላይ ታስረዋለች። «እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነበር?» ትላታለች። ሴቶቹ እልል ይላሉ።

ሻምሳ ዛሬ የኬላ ተረኛ ናት። ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የደንብ ልብሷን ትለብሳለች። ሻሿን ፈትታ እንደገና ስታስር አገጯ ሥር ቀይ መስመር ይታያል፤ ከዚያ ይሸፈናል። ወደ በሩ ስታልፍ ኮኪ ዘንድ ትቆምና ቀበቶውን በሁለት ጣቷ ትዳስሰዋለች።

«ሀያ፣ እንግዲህ ቡቲዬ ትመላለሻለሽ» ትላለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም፤ ቁጣም የለም። «ኬላው ላይ እኔ ነኝ።»

ትወጣለች። ኮቴዋ ጠጠሩ ላይ እየተንኮሻኮሸ ይርቃል። ሙስሊማ ኮኪን ከኋላ አቅፋ ትወዘውዛታለች፤ አንዷ ስልክ አውጥታ ፎቶ ታነሣቸዋለች።

የኮኪ ቀኝ እጅ የገዛ ጭኗን መታ ያደርጋል። አንዴ፣ ሁለቴ። የሚለቃት የለም።