ፎቶው ያየው

አሮጌው ስካነር አቃሰተና መብራቱ ከመስታወቱ ስር መሄድ ጀመረ። «ተመስገን!» አለች ልጅቷ። ሊኑክስ የጫነችበት ኮምፒውተር ጠዋቱን ሙሉ ስካነሩን አላውቀውም ብሎ አድርቋት ነበር። ስካነሩን የሚያሠራ ድራይቨር ፈልጋ ጭና፣ ገመዱን ነቅላ ሰክታ፣ በስንት ልመና እሺ አሰኝታዋለች። መስታወቱ ላይ የተደፋው የእናቷ የወጣትነት ፎቶ ነው፤ ጥግ ጥጉን እርጥበት የበላው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው።

«ወጣሁ እንዴ?» አለች እናቷ ከኋላዋ ወንበሩን ተደግፋ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። እናቷ አልነበረችም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካሜራ የደቀነባቸው ወጣት ወንድ ነበር። ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ ፎቶውን ገለበጠችው፤ እናቷ እንደ ወትሮዋ ፈገግ ብላ ፊት ለፊት ታያለች። ልጅቷ ሳትወለድ የሞተው አባቷ ዕድሜውን ሰው ሲያነሳ ኖሮ፣ የራሱን አንድም ፎቶ ሳይተው ነበር የሄደው።

«ስካነሩ ተበላሽቷል፣ እማዬ። ልንቀለው።»

«እንዳትነኪው!» እናቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ሽበቷን በመዳፏ አስተካከለች። «አባትሽ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚያነሳው። ሁለተኛውን ሲጨርስ ካሜራውን ከፊቱ ያወርዳል።» ፎቶውን ከልጇ እጅ ወስዳ መስታወቱ ላይ መልሳ ደፋችው። ክዳኑን ገና ሳትከድነው፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ መብራቱ መሄድ ጀመረ።