ፍጥነት የቀየሩ

«አሳዪኝ» አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ የመንደራቸው የደካ መንገድ ጭቃ ጫማቸው ላይ ሳይደርቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው። «የቱ ጋ ነው የሰረቅኩት?»

ፀደንያ ፈገግ አላለችም። የማር ጥራት ስልጠናውን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ፣ ትምህርቱን በድምፅ ያነበበችውም እሷ። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ማንም አላስተማራትም፤ ቦንጋ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ ራሷ ተማረችው፣ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም። ሰልጣኞች ድምፁን እያስሮጡ ሰዓት ይሸውዳሉ ሲባል፣ ፍጥነቱ በተነካ ቁጥር ገጹ እንዲያሳብቅ አደረገች። የተያዘው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የእትዬ በዛወርቅ። «ፍጥነት የቀየሩ» በሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። የምስክር ወረቀታቸው ቀረ፤ ያለ እሱ ደግሞ የደካን ሴቶች የማሰልጠኑ ሥራ የለም።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር ዘመድ አያውቅም። ነክተዋል ወይስ አልነኩም?»

«ነካሁ እንጂ! ልጄ ናት በስልኳ ያሳየችኝ። አንቺ እኮ አማርኛውን እንደ ባጃጅ ነው የምትነጂው። እኔ የማስበው በአፍ መፍቻዬ በካፊኖኖ ነው፤ አንዱን ቃል ይዤ ሳልጨርስ አንቺ ሌላ ቀበሌ ገብተሻል።»

የፀደንያ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀረ። መዝገቡን ከፈተች። ቁጥሩ እዚያው ነበር፣ ለማየት ያልደከመችበት፤ ዜሮ ነጥብ አምስት። በግማሽ ፍጥነት። ኮዷ «ተቀየረ ወይ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ወዴት?» አላለም። ሴትየዋ እያንዳንዱን የአርባ ደቂቃ ትምህርት ሰማንያ ደቂቃ ሰምተውታል፣ አሥራ ሁለቱንም ክፍል።

የስልጠናው ኃላፊ አቶ ለገሰ ከጎን ጠረጴዛ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ምነው? የእኔ ኮድ አይሳሳትም ያልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ኔትወርኩ ነው ማለት ይቻል ነበር። ቦንጋ ውስጥ በኔትወርክ ማሳበብ ማንንም አያስገርምም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ኮዱ የተጠየቀውን መልሷል፣ ጋሽ ለገሰ። አጉል የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ተነስታ ወረቀቱን ከሰሌዳው ገነጠለችው። ሙጫው የስሙን ግማሽ እዚያው አስቀረው፤ በጥፍሯ ፋቀችው፣ አልለቅ አለ።

«እስቲ ክፈቺው» አሉ እትዬ በዛወርቅ ከኋላዋ፣ «እኔ በምሰማበት ፍጥነት።»

ተመልሳ ከፈተችው። የገዛ ድምፅዋ እየተጎተተ ወጣ፤ «ማሩን… በንጹሕ… ዕቃ…» እትዬ በዛወርቅ ከንፈራቸውን ከድምፁ ጋር እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ በቃላቸው ይዘውታል።

ፀደንያ ድምፁን አላወቀችውም። ሰውን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።