የወይዘሮ አሰገደች ልብ

የወይዘሮ አሰገደች ልብ እንደፈለገች መምታት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት፤ አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ትዘላለች፣ ደግሞ ታነክሳለች። የልብ ሐኪማቸው «ከነአመሏም ቢሆን ሰመመን ይሰጣቸው፤ ብቻ እንዳትፈጥን ጠብቁ» ብሎ ጽፏል። ወጣቱ ሰመመን ሰጪ ይህን ወረቀት ሰባት ጊዜ አንብቦታል። ያለ አለቃው ሰው ሲያስተኛ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱን በስሪንጅ ቀዳ፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ፈተሸ፣ የልብ ምት የሚቆጥረውን መቆንጠጫ በራሱ ጣት ሞከረ፣ የአምላኩን ስም ጠርቶ ጸለየ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ።

መቶ ዐሥር።

«እማማ፣ ፈሩ እንዴ?»

«ምን ያስፈራኛል? ይቺን የሐሞት ጠጠር አውጡልኝና ቅቤ የጠገበ ክትፎ ልብላበት!»

መቶ ሠላሳ።

«እባክዎ ይረጋጉ!»

«ተረጋግቻለሁ እኮ ልጄ።»

መቶ ሃምሳ። እሱ በጮኸ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል፤ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር እሱ ይጮኻል። ላብ አጠመቀው።

«ሲስተር፣ ቀዶ ጥገናው ይቅር! ልባቸው ልትፈነዳ ነው!»

ወይዘሮ አሰገደች እንደተንጋለሉ ሁለት እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አወጡና ዐሥሩንም ባዶ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩት። በእሱ ሌባ ጣት ላይ የመቆንጠጫው ቀይ መብራት ቦግ እልም ይላል።

ሴትዮዋ ወደ ነርሷ ዞር አሉ።

«እኔ አልቸኩልም ልጄ፤ መጀመሪያ እሱን አስተኚው።»