ሽማግሌ የማታደርሰው መኪና

የዓባይን በረሃ በሦስተኛ ማርሽ የወጣችው የጋሽ ጥሩነህ አሮጌ መኪና፣ ለወንድማቸው ልጅ ለአንዷለም የመረጡለትን ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌ ጭነው በወጡ ቁጥር መንገድ ላይ ድርግም ትላለች። ወደ ቤት ሲመልሷት ግን እንደ አንበሳ ታገሳለች። ኤሌክትሪሺያኑ ጅቡቲ የሚያደርስ ሽቦ ቀየረላት፤ ችግሩ ግን አልተገኘም።

የልጅቷ አባት «ዛሬም ከቀሩ በቃ» ብለዋል። ብትቆም የሚገፋው አንዷለም እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጧል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ድርግም!

«ይቺን ብረት ትተህ በበቅሎ ብትወስደን እስካሁን ሠርጉን በልተን ነበር» አሉ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ።

ጋሽ ጥሩነህ መሪውን በቡጢ ነረቱት። ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

«አንተ አንዷለም፣ እስቲ መሀረብ!»

አንዷለም ደንገጥ ብሎ መሀረቡን ከኪሱ ሲመዘው፣ የመኪናዋ ፊውዝ አብሮ ወጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ።